ሰሙ ጌጥ፣ ወርቁ ዕቃ
ስለ ሱቅ አሰናዳድ አጭር ትምህርት



በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት የተነሣው ከአንዲት እህታችን ጥያቄ ነው። ይህች እህት ከዘጠኝ ዓመት በላይ በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ይዛ ወደ አገሯ ልትመለስ አስባለች። ሐሳቧም የሕፃናት ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ መክፈት ነው። ቤቱን ወንድሟ ተከራይቶላታል፤ ስፋቱ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ወንድሟ አንድ የዲኮር ባለሙያ አነጋግሮ የዋጋ ዝርዝር ላከላት። በኮርኒሱ ላይ ደረጃ ደረጃ ያለው ጂብሰም፣ በግድግዳው ዙሪያ ቀለሙን የሚቀያይር መብራት፣ በበሩ ላይ ትልቅ የሚያበራ ታፔላ፣ በመካከል ደግሞ የፕላስቲክ አበባ የተጠመጠመበት ምሰሶ ይሠራል ይላል። ድምሩን ስታየው ካጠራቀመችው ገንዘብ እኩሌታውን የሚወስድ ሆነባት።

«ሱቅ ካላማረ ሰው አይገባም ይሉኛል፤ ገንዘቡ ለጌጥ ካለቀ ደግሞ በምን ዕቃ ልሞላው ነው? ምን ትመክሩኛላችሁ?» ስትል ጠየቀችን።

ጥያቄው የእርሷ ብቻ አይደለም። ከእናንተ መካከል የቅመማ ቅመም፣ የመዋቢያ ዕቃ፣ የሀገር ልብስ ወይም የቡና ቤት ለመክፈት የምታስቡ ብዙዎች ናችሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ አንድ ሩቅ ከተማ ወደ ቪየና፣ ወደ ኦስትሪያ ዋና ከተማ፣ በሐሳብ እንሂድ። ያች ከተማ ስለ ጌጥ ትልቅ ክርክር የተደረገባት፣ በምልክትና በጨዋታ የተሞሉ ታዋቂ ሱቆችም የተሠሩባት ናት። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. «ጌጥ ይቅር» ያለው ሰው

አዶልፍ ሎስ የተባለ አርክቴክት ከ1870 እስከ 1933 የኖረ ሲሆን ዋና ሥራውን የሠራው በቪየና ነው። በእርሱ ዘመን የከተማው ቤት ሁሉ ከላይ እስከ ታች በአበባ፣ በሐረግ፣ በመልአክና በአንበሳ ራስ ቅርጽ ያጌጠ ነበር። ሎስ ይህን ተቃወመ። በ1910 ገደማ «ጌጥና ወንጀል» በሚል ርዕስ ንግግር አደረገ፤ በኋላም ንግግሩ በጽሑፍ ወጣ።

የሎስ ዋና ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በማንኪያና በወንበር፣ በጫማና በቤት ላይ የሚደረግ ጌጥ የሠራተኛውን ጉልበትና ጤና ያለ ጥቅም ያባክናል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ጌጥ ከዕቃው ቀድሞ ያረጃል የሚል ነው። ወንበሩ ገና ጠንካራ ሆኖ ሳለ ጌጡ ከፋሽን ስለወጣ ብቻ ይጣላል።

ሎስ ይህን በሥራም አሳየ። ጎልድማን እና ሳላች ለተባለ የልብስ ሰፊዎች ድርጅት በሚካኤለርፕላትዝ አደባባይ፣ ከንጉሡ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ ከ1909 እስከ 1911 ትልቅ ቤት ሠራ። ሱቁ ያለበት ታችኛው ክፍል በውብ እብነ በረድ የተለበጠ ነው፤ ከላይ ያሉት ፎቆች ግን በመስኮቶቹ ዙሪያ እንኳ አንዳች ጌጥ የላቸውም። የከተማው ሰው ተቆጣ፤ ማዘጋጃ ቤቱም ሥራውን አስቆመ። በመጨረሻ ከመስኮቶቹ ሥር ከነሐስ የተሠሩ የአበባ ማስቀመጫዎች እንዲገቡ ሆኖ ቤቱ ጸደቀ። ቤቱ ዛሬም ቆሟል።

እህቶቼ፣ ሎስ የተናገረውን ከእናንተ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። የሳሎኑን የክሪስታል መብራት ፍሬ በፍሬ የሚያጥበው፣ የተቀረጸውን የወንበር እግር በጥርስ ብሩሽ የሚጠርገው፣ በመደርደሪያው ላይ ያሉትን የሸክላ ወፎች አንድ በአንድ አንሥቶ የሚወለውለው ማን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ጌጡን የገዛው ሰው አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ የሚወለውለው ሰው ግን በየሳምንቱ ይከፍላል። ነገ የራሳችሁን ሱቅ ስትከፍቱ ገዢውም ወልዋዩም እናንተው ናችሁ። ስለዚህ የሎስን ማስጠንቀቂያ እንያዝ።

ይሁን እንጂ ሎስ ውበትን አልጠላም። በዚያው ሱቅ ያስገባው እብነ በረድ ሥሩ እንደ ወንዝ የሚታይ ነው። ጥሩ ዕቃ ራሱ ጌጥ ነው ማለቱ ነው።

ለ. የሻማው ሱቅና የወርቁ ሱቅ

ከሚካኤለርፕላትዝ አደባባይ የሚነሣው የገበያ መንገድ ኮልማርክት ይባላል። በዚህ መንገድ ላይ፣ ከሎስ ቤት ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ በ1965 አንድ በጣም ትንሽ ሱቅ ተሠርቶ አለቀ። ሬቲ የተባለው የሻማ መሸጫ ነው። የሠራው ሃንስ ሆላይን የሚባል በቪየና በ1934 የተወለደ አርክቴክት ሲሆን፣ ያን ጊዜ ገና ወጣትና ብዙ ሥራ ያልነበረው ሰው ነበር።

የሱቁ ፊት ለፊት ሁሉ በአልሙኒየም የተለበጠ ነው። በዙሪያው ያሉት ሱቆች ሰፊ የመስታወት መስኮት ሲኖራቸው ይህኛው የለውም። በመካከሉ የቁልፍ ቀዳዳ የሚመስል ጠባብና ረጅም በር ብቻ አለ። በሁለቱ ጎን ደግሞ መንገደኛው ሲያልፍ እንዲያይ ወደ ጎን ዘወር ያሉ ሁለት ትናንሽ የመስታወት ሣጥኖች አሉ። ሰው በዚያ ጠባብ በር ሲገባ ፊት ለፊት የተገጠሙ መስታወቶች ያገኛል፤ መብራቱም ከመስታወት ወደ መስታወት እየተመላለሰ መጨረሻ የሌለው ሆኖ ይታያል። ሻማ የሚሸጥበት ቤት ነውና አንዱ ብርሃን ብዙ ሆነ።

ይህች ትንሽ ሱቅ በ1966 የሬይኖልድስን ሽልማት አገኘች። ሽልማቱ በአልሙኒየም ለተሠሩ የሕንፃ ሥራዎች የሚሰጥ ሲሆን መጠኑም 25,000 ዶላር ነበር። ሆላይንም በኋላ፣ በ1985፣ በአርክቴክቶች ዘንድ ከፍተኛ የሆነውን የፕሪትዝከር ሽልማት ተቀበለ፤ ያረፈው በ2014 ነው። ከሻማው ሱቅ የምንማረው ነገር፣ ሱቅ ጠባብ መሆኑ ጉድለት እንዳልሆነ ነው። አንድ ሐሳብ፣ አንድ ዓይነት ማልበሻ፣ አንድ ጠባብ በር በቂ ሆኗል። የሻማው ንግድ ከቤቱ ከወጣ በኋላም ጌጣ ጌጥ ሻጭ ሲገባበት የሱቁ ፊት ሳይለወጥ ቆይቷል።

ሆላይን ከ1972 እስከ 1974 ደግሞ ሹሊን የተባለውን የወርቅና የጌጣ ጌጥ መሸጫ ግራበን በሚባለው መንገድ ላይ ሠራ። የዚህ ሱቅ ፊት በተወለወለ ግራናይት ድንጋይ የተሸፈነ ነው። ድንጋዩ ግን ከበሩ በላይ እንደ ተሰነጠቀ ሆኖ ተሠርቷል። ስንጥቁ እየጠለቀ ወደ በሩ ይወርዳል፤ ከስንጥቁም ውስጥ ድርብርብ የሆነ ወርቅማ ብረት ይታያል። ወርቅ ከተራራ ድንጋይ ስንጥቅ መውጣቱን ማን ያጣዋል? አንድ ቃል ሳይጻፍ በሩ ራሱ «እዚህ ወርቅ አለ» ይላል። የበለጠ የሚያስደንቀው ደግሞ በስንጥቁ ውስጥ የሚታዩት ቱቦዎች የሱቁን የአየር ማቀዝቀዣ የሚያገለግሉ መሆናቸው ነው። ጌጡ ሥራ አለው።

እንግዲህ አንዱ የሰም ቤት፣ ሌላው የወርቅ ቤት ሆነ። እኛ አገር ቅኔ ስንማር ሰምና ወርቅ እንላለን። ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ነው፤ ወርቁ በውስጥ ያለው ቁም ነገር ነው። ምሳሌው የተወሰደው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ከዚያ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በቦታው ወርቅ ይፈሳል። የሱቅ ጌጥም እንዲሁ ነው። ጌጡ ሰሙ ነው፣ የምትሸጡት ዕቃ ወርቁ ነው። ሰሙ ወደ ወርቁ ካላደረሰ ቅኔው ተበላሸ። የወንድሟ ዝርዝር ላይ ያለውን የፕላስቲክ አበባ ምሰሶ አስቡት። ከሕፃን ልብስ ጋር ምን አገናኘው? ለሠርግ አዳራሽም፣ ለስልክ መሸጫም፣ ለፀጉር ቤትም ያው ነው። ወርቅ የሌለው ሰም ነው።

ሐ. ቲኬት የሚሸጠው የዘንባባ ጫካ

በምልክት ስለ ተሞላ ቤት ሲነገር ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው ሆላይን ለኦስትሪያ የጉዞ ድርጅት የሠራው የቲኬት መሸጫ አዳራሽ ነው። ሥራው የተጀመረው በ1976 ሲሆን ያለቀው በ1978 ነው። ቦታውም በቪየና ከተማ ከኦፔራ ቤቱ አጠገብ ነበር።

ጉዞ የሚሸጥ ሰው በመደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጠው ዕቃ የለውም። የሚሸጠው ገና ያልታየ አገር ነው። ሆላይን ታዲያ ምን አደረገ? በአዳራሹ መካከል ከናስ የተሠሩ፣ የሚያብረቀርቁ የዘንባባ ዛፎችን ተከለ፤ ሞቃት አገር አለ ሲል ነው። (በእንግሊዝ አገር በብራይተን ከተማ ባለው የንጉሥ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ራሳቸው ላይ የዘንባባ ቅጠል ያላቸው የብረት ምሰሶዎች አሉ፤ ሐሳቡን ከዚያ እንደ ወሰደው ይነገራል።) በሌላ በኩል የተሰበረ የግሪክ ምሰሶ አቆመ፤ ከስብራቱም ውስጥ የሚያብረቀርቅ አዲስ ብረት ብቅ ይላል። የጥንት ፍርስራሽ ለማየት የሚሄድ ሰው ይህን ያውቀዋል። የሕንድ አገር ድንኳን የመሰለ ማረፊያም ሠራ። የአውሮፕላን ቲኬት በሚሸጥበት በኩል ወፎች ይበራሉ። የመርከብ ቲኬት በሚሸጥበት በኩል የመርከብ አጥር አለ። የቴአትር ቲኬት የሚሸጥበት ቦታ ደግሞ ከብረት የተሠራ የመድረክ መጋረጃ ተጋርዶበታል። ጣሪያው ብርሃን የሚያስገባ የመስታወት ቅስት ሲሆን፣ ኦቶ ቫግነር የተባለው አርክቴክት በዚያው ከተማ የሠራውን የፖስታ ቁጠባ ባንክ አዳራሽ ያስታውሳል።

ገንዘብ የሚከፈልበት መስኮትስ? ፍርግርጉ የሮልስ ሮይስ መኪና ፊት ይመስል ነበር። ገንዘቡን ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው «ይህ ሁሉ የእኔ ገንዘብ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ፈገግ እንዲል ነው። ሻጩ በራሱ ላይ ቀልዷል ማለት ነው።

መ. ሦስት ዓይነት ምልክት

እነዚህን ምልክቶች አንድ በአንድ ስንመረምራቸው በሦስት ይከፈላሉ።

1. ምስል። ነገሩን የሚመስል ነው። ዘንባባው ዘንባባን ይመስላል። በድሮ ዘመን በአውሮፓ ከተሞች ብዙ ሰው ማንበብ ስለማይችል ጫማ ሰፊው በበሩ ላይ ትልቅ ጫማ፣ ቁልፍ ሠሪው ትልቅ ቁልፍ ይሰቅል ነበር።

2. ፍንጭ። ነገሩን አይመስልም፤ ነገር ግን ከነገሩ የሚመጣ ወይም አብሮት የሚኖር ነው። የድንጋዩ ስንጥቅ የወርቅ ፍንጭ ነው፤ የመርከብ አጥር የመርከብ ፍንጭ ነው። በእኛ አገር ቄጠማ ተጎዝጉዞ የዕጣን ጢስ ሲታይ ቡና መኖሩን ሳንጠይቅ እናውቃለን።

3. ውል። ነገሩን አይመስልም፣ ከነገሩም አይመጣም፤ ሰው ተስማምቶበት ግን ይታወቃል። በውጭ አገር የፀጉር አስተካካይ ምልክት የሆነው ቀይና ነጭ መስመር ያለበት ዘንግ እንዲህ ያለ ነው። የሮልስ ሮይሱ ፍርግርግም «ሀብት» የሚለውን የሚነግረን የዚያን መኪና ዋጋ ለምናውቅ ብቻ ነው።

አንዳንዱ ምልክት ድርብ ነው። በአገራችን ጣሳ በእንጨት ላይ ተደፍቶ በደጅ ከቆመ ጠላ አለ ማለት ነው። ጣሳው የመጠጥ ፍንጭ ነው፤ መደፋቱና መሰቀሉ ግን ውል ነው። ይህን ያህል ርካሽ፣ ይህን ያህል ግልጽ ታፔላ በዓለም ላይ ጥቂት ነው።

ልብ በሉ፤ ምስልን ማንም ያነበዋል፣ ፍንጭን አገሩን የሚያውቅ ያነበዋል፣ ውልን ግን ውሉ የተነገረው ብቻ ያነበዋል። ስለዚህ ምልክት ስትመርጡ መጠየቅ ያለባችሁ «እኔ እወደዋለሁን?» ብላችሁ ሳይሆን «ገዢዬ ታውቀዋለችን?» ብላችሁ ነው። በዚህ አገር በየገበያ አዳራሹ የምታዩት ያማረ ነገር ሁሉ በእናንተ ከተማ ለምትኖር እናት ላይናገራት ይችላል።

ሠ. ጨዋታው እንደ እንቆቅልሽ ነው

በልጅነታችን ማታ ማታ «እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልሽ?» እየተባባልን ተጫውተናል። መልሱ ጠፍቶን «አገር ስጪኝ» ስንባል አገር ሰጥተን ተሸንፈናል። የእንቆቅልሽ ደስታው የት ላይ ነው? መልሱ ከመጀመሪያው ቢነገር ደስታ የለም። መልሱ ፈጽሞ የማይገኝ ቢሆንም ደስታ የለም። ጥቂት አሰብ አድርጎ «አሃ!» ማለቱ ላይ ነው ደስታው።

የሱቅ ጨዋታም ይኸው ነው። ምልክቱ እንቆቅልሹ፣ የምትሸጡት ዕቃ መልሱ ነው። በሹሊን በር ላይ «ወርቅ» ተብሎ በትልቁ ቢጻፍ ማንም ቆሞ አያይም። ስንጥቁ ግን መንገደኛውን ያቆመዋል፤ ከቆመ ይገባል። እንቆቅልሹን የፈታች ገዢ ደግሞ ወዳጅ ትሆናለች፤ ለጎረቤቷም ትነግራለች።

ረ. ወደ እህታችን ሱቅ እንመለስ

አሁን ይህን ሁሉ በሦስት ሜትር በአራት ሜትር ቤት ላይ እንሞክረው።

አንደኛ፦ ቦታውን መለካት። በግራና በቀኝ ግድግዳ አርባ አርባ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መደርደሪያ ቢገባ በመካከል ሁለት ሜትር ከሃያ ይቀራል። ከኋላ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ለባንኮኒ፣ ሰባ ሳንቲ ሜትር ለሻጭ መቆሚያ ቢወሰድ ወደ ፊት ሁለት ሜትር ከሰባ ይተርፋል። ልጅ ያዘለች እናት ዘወር ስትል ዕቃ እንዳትጥል የመተላለፊያው ስፋት ከዘጠና ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ። በዚህ ልኬት መሠረት በመካከል ምሰሶ የሚተከልበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛ፦ በበሩ ላይ አንቀልባ። የሚያበራ ታፔላ ውድ ነው። ዛጎል ያለበት የቆዳ አንቀልባ ግን በእኛ አገር ለማያነብም ሰው ይናገራል። ባዶውን ከመስቀል ይልቅ ውስጡ አሻንጉሊት አድርጎ፣ በየሳምንቱ አዲስ የመጣውን ልብስ ማልበስ ነው። እንዲህ ሲሆን አንቀልባው ታፔላም፣ የዕቃ ማሳያም ሆነ። ሥራ አገኘ።

ሦስተኛ፦ መደርደሪያውን በልጅ ዕድገት መክፈል። የሕፃን ልብስ ልኩ በወር ነው፤ ቁጥሩ ብዙ እናቶችን ያምታታል። ስለዚህ በየመደርደሪያው ራስ ላይ አንድ ሥዕል ይሣል። በመጀመሪያው የተኛ ሕፃን፣ ስሙም «እሹሩሩ»። በሁለተኛው ቁጭ ያለ ሕፃን። በሦስተኛው የሚድኽ ሕፃን። በአራተኛው በሁለት እግሯ የቆመች ወፍ፣ ስሟም «ወፌ ቆመች»። እናቲቱ ቁጥር ሳትጠይቅ ልጇ ወደ ደረሰበት መደርደሪያ ትሄዳለች፤ ወፏን ስታይ ደግሞ ትስቃለች። ሥዕሉን የሚሥል ልጅ በሰፈሩ አይጠፋም። በሁሉም ሱቅ ያለውን የፊልም ካርቱን ማስሣል ግን አንመክርም፤ የሌላ ድርጅት ንብረት ነው፤ የእናንተንም ሱቅ ከሌላው አይለየውም።

አራተኛ፦ ባንኮኒው የሕፃን አልጋ ይምሰል። ሆላይን ለመርከብ ቲኬት የመርከብ አጥር እንዳደረገ ሁሉ፣ የባንኮኒው ፊት እንደ ሕፃን አልጋ ቋሚ እንጨቶች ይኑሩት። በእንጨቶቹ ላይ ካልሲና ኮፍያ ይንጠለጠላል። ጠርዙ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ የለሰለሰ ይሁን፤ ልጆች የሚነኩት ነው።

አምስተኛ፦ የልብስ ማስጫ ገመድ። ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ከራስ በላይ ገመድ ተወጥሮ ትናንሽ ልብሶች በመቆንጠጫ ይሰቀሉ። ሕፃን ያለበት ቤት ምልክቱ የተሰጣ ትንሽ ልብስ ነው። ከጂብሰሙ ኮርኒስ ይልቅ ይህ ይናገራል፤ ዋጋው የገመድና የመቆንጠጫ ብቻ ነው።

ስድስተኛ፦ መብራት። ቀለሙን የሚቀያይር መብራት የልብሱን ቀለም ያታልላል። ገዢዋ ሮዝ ብላ የገዛችው ፀሐይ ላይ ሲወጣ ሌላ ይሆንባታል፤ ጠብ ይመጣል። ደኅና ነጭ መብራት፣ ነጭ የተቀባ ግድግዳ፣ ከኋላ ደግሞ አንድ ሰፊ መስታወት ይበቃል። መስታወቱ ጠባቡን ቤት እንደሚያሰፋ ከሻማው ሱቅ ተምረናል።

ሰባተኛ፦ ደኅንነት። መደርደሪያው ሁሉ ከግድግዳው ጋር በብሎን ይታሰር፤ ልጅ ይንጠላጠልበታልና። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከአንድ ሜትር በታች አይጋለጥ።

ሰ. ሳይረሳ ሊጠበቅ የሚገባው ነገር

ያ የዘንባባ አዳራሽ፣ በመጻሕፍት ሁሉ ፎቶግራፉ የወጣው፣ ብዙ አልቆየም። ከተሠራ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው በ1980ዎቹ ፈረሰ። ዛሬ ያለው በፎቶግራፍ ነው። የቲኬት ንግድ ይለወጣል፣ አዳራሹ ግን ለመለወጥ የተመቸ አልነበረም።

ከዚህ ለእኛ ከባድ ትምህርት አለ። እህታችን የተከራየችው ቤት የሰው ነው። በኮርኒስ ላይ የተለጠፈ ጂብሰም ኪራይ ሲጨመርባት ነቅላ የምትወስደው አይደለም፤ ለባለቤቱ ትታው ትሄዳለች። አንቀልባው፣ ገመዱ፣ ባንኮኒው፣ በሰሌዳ ላይ የተሣለችው ወፍ ግን ሁሉም በብሎን የሚፈቱ ናቸው። በተከራይ ቤት የሚደረግ ጌጥ ሁሉ «ነገ ውጪ ብባል ይህን ይዤ እወጣለሁን?» የሚለውን ጥያቄ ማለፍ አለበት።

በገንዘብ በኩልም ቅደም ተከተል ይኑር። መጀመሪያ የዕቃ መግዣና ገበያ እስኪለመድ የሚከፈል የጥቂት ወራት ኪራይ ይቀመጥ። ቀጥሎ መደርደሪያ፣ መብራትና ቀለም። ምልክቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለባለሙያ ስትከፍሉም በአንድ ጊዜ አትላኩ፤ ልኬት ያለበት ሥዕልና ነጠላ ዋጋ የተጻፈበት ዝርዝር ይምጣ፣ ከዚያ ሥራው ባለቀ መጠን በፎቶግራፍ እያያችሁ ክፈሉ። ይህ ወንድምን አለማመን አይደለም፤ ወንድምንም ከሐሜት ይጠብቀዋል።

አንድ ቀላል ፈተናም አለ። ሱቁ ሲሰናዳ ያለ ጽሑፍ በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ፣ ነገሩን ለማያውቁ ሦስት ሰዎች ይላክ፣ «ምን የሚሸጥበት ቤት ነው?» ተብለው ይጠየቁ። ወዲያው ከመለሱ እንቆቅልሹ ሠርቷል። «አገር ስጪኝ» የሚያሰኝ ከሆነ ምልክቱ ይቀየር።

ማጠቃለያ

ይህን ሁሉ ከእህታችን ጋር ዝርዝሩን ይዘን ተነጋገርንበት። ምሰሶውን፣ ጂብሰሙንና ባለ ቀለም መብራቱን በእርሳስ ሰረዘች። በዚያው ሰዓት ወደ አገር ቤት ደውላ እናቷን «እኔ የታዘልሁበት አንቀልባ አለ?» ብላ ጠየቀች። እናቷም ዛጎሉ ጥቂት ረግፏል እንጂ ቆዳው ደኅና ነው አሉ። የሚያበራውን ታፔላ ግን ገና አልሰረዘችውም፤ «ስሜን በብርሃን ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ» አለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በስሟ ሳትጠራ የኖረች ሰው ይህን ብትል አይፈረድባትም። እርሱን ከሁለተኛው ዓመት ትርፍ እንድትሠራው ተስማማን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምትሠሩበት ቤት ካሉት ጌጦች መካከል ሥራ ያለው የትኛው ነው? ለመወልወል ብቻ የሚኖረውስ?
2. ሕፃናትን ይዛችሁ ወደ መጫወቻ መደብር ስትሄዱ ልጆቹ መጀመሪያ የሚቆሙት የት ላይ ነው? ለምን ይመስላችኋል?
3. ልትከፍቱ ያሰባችሁትን ሱቅ የሚናገር አንድ ምስል፣ አንድ ፍንጭና አንድ ውል ፈልጉ።
4. ከመረጣችሁት ምልክት ውስጥ «ውጪ» ብትባሉ ይዛችሁ የምትወጡት የትኛውን ነው?

መልሳችሁን በወረቀት ጽፋችሁ አምጡ፤ በጋራ እንወያይበታለን። በቸር ያገናኘን።